አንበሳ የማይደፍረው በረት፦ ከአምቦሴሊ ዙሪያ የማሳይ መሬት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም፣ ሦስተኛው ሳምንት። ቦታና ልክ

የሥራው ቦታ ደቡብ ኬንያ፣ ካጂያዶ ካውንቲ፣ ከአምቦሴሊ ብሔራዊ ፓርክ ውጭ ያለ የማሳይ የጋራ መሬት ነው። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ወሮቹ ግን የእኛው ናቸው።) ፓርኩ 392 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ አራዊቱን ዓመቱን ሙሉ አይችላቸውም። በደረቁ ወራት ከኪሊማንጃሮ ሥር በሚፈልቀው ውኃ ረግረግ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ዝናቡ ሲጥል የሜዳ አህያው፣ ዝሆኑ፣ ተከትሎም አንበሳው ወደ ማሳዮቹ ግጦሽ ይበተናል። ስለዚህ የአንበሳውን ዕድል ከፓርኩ ጠባቂ ይልቅ ሌሊት ላም የተበላበት ቤተሰብ ይወስነዋል። የዚህ ሥራ ዓላማ ያ ቤተሰብ ጦር የሚያነሳበትን ምክንያት መቀነስ ነው፦ አንድ የሌሊት በረት በሽቦ መረብና በሕያው ምሰሶ (ተተክሎ ሥር በሚያወጣ ግንድ) ማጠር።

ነባሩ አጥር የግራር እሾህ ነው። አንበሳ ዘሎ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ የተለመደው ዘዴው ግን ሌላ ነው። በነፋሱ በኩል ዞሮ ጠረኑን ወደ በረቱ ይሰድዳል፤ ከብቱ ይደነብራል፤ እሾሁን ጥሶ በጨለማ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ማረድ ቀላል ነው። እንግዲህ አጥሩ በመጀመሪያ መመዘን ያለበት ከውስጥ ነው፤ ሁለት መቶ ከብት ደንብሮ ሲገፋው ይይዛል ወይ? የምሰሶው ጥልቀት፣ የሽቦው ውጥረት፣ የበሩ አከፋፈት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይመነጫሉ።

የትኛውን አጥር እንሥራ የሚለው ብዙ አከራክሯል። በማሳይ መንደር (እንካንግ ይሉታል) ቤቶቹ በውጭኛው የእሾህ አጥር ውስጥ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ መሐሉ የከብት ማደሪያ ነው። ሽማግሌዎቹ ውጭኛው ይታጠር አሉ፤ ቤቱም ሰውም እንዲጠበቅ። ዙሪያው ግን ከእጥፍ በላይ ይረዝማል፤ በተመደበው ገንዘብ ከሄድን ሽቦው ይሳሳል፣ ምሰሶው ይራራቃል። የውስጡ በረት ተመረጠ፤ የውጩ እሾህ እንዳለ ይቆያል።

ልኩ እንዲህ ወጣ። መሐል ላይ ችካል ተመታ፤ በ17 ሜትር ሲባጎ ተዞረ፤ ዙሪያው በአመድ ተሰመረ። ዙሪያው 107 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 900 ካሬ ሜትር ነው። ለአንድ ከብት 4 ካሬ ሜትር ቢያዝ ከ200 በላይ ያሳድራል፤ ለፍየልና ለበግ የሚሆን ጋጣም በውስጡ ይተርፋል። ክብ የሆነው ለውበት አይደለም። ማዕዘን ባለበት በረት የደነበረ ከብት ማዕዘኑ ላይ ይከመራል፤ ከሥር የሚቀረው ጥጃ ነው።

መሬቱ በመጠኑ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ካልሆነ በዝናብ ወራት በረቱ ጭቃ ይሆንና ሰኮና ይበሰብሳል። በዙሪያው 50 ሜትር ያህል ቁጥቋጦ ተመንጥሯል። ትልልቅ ግራሮች አልተነኩም።

መስከረም፣ መጨረሻ። ግዢ

ሽቦው በገበያ የሚገኘው ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሜትር የሆነ ጥቅል ነው። ስድስት ጥቅል 108 ሜትር ይሆናል። ሁለት በሮች እያንዳንዳቸው 2.6 ሜትር ሲይዙ 102 ሜትር ይቀራል፤ ትርፉ 6 ሜትር ለመጠገኛ ይቀመጣል። የሽቦው ውፍረት ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያስፈልግም። ጌጅ 16 (1.6 ሚሊ ሜትር) ርካሽ ነው፣ ነገር ግን በሬ ሲታከክበት ይለጠጣል፤ ጅብም ሲነክሰው ይቆርጠዋል። ጌጅ 12.5 (2.5 ሚሊ ሜትር) ተገዛ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል፤ ሻጮች ይህን ገልብጠው ሲናገሩ ስለሚሰማ በመለኪያ ማረጋገጥ ይበጃል።

ከዚህ ሌላ፦ መወጠሪያ ወፍራም ሽቦ 330 ሜትር (ሦስት መስመር፣ ላይ፣ መሐል፣ ታች)፣ ዩ ቅርጽ ያለው ሚስማር 350፣ ጥቁር ሽቦ፣ የጥድ ምሰሶ 12፣ ለበር የሚሆኑ የብረት ቋሚዎች 4፣ ባለ 200 ሊትር ባዶ በርሜል 6፣ ለበሩ ፍሬም ቱቦላሬ።

ቤተሰቡ የዕቃውን ዋጋ ሩብ ይከፍላል፤ ጉድጓድ መቆፈሩና ምሰሶ ማምጣቱም የእሱ ነው። በነፃ የተሰጠ አጥር ሲቀደድ ሰጪው እስኪመጣ ይጠበቃል። ወይፈን ሸጦ የገዛው ግን በማግስቱ ፒንሳ ይዞ ይወጣል።

አንድ ስምምነት ከግዢው በፊት ተፈርሟል፦ ሽቦው ከሌሊት በረት ውጭ ለሌላ አይውልም። የማሳይ የጋራ ርስቶች በ1968 ሕግ የተቋቋሙ ናቸው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ለአባላት በግል እየተከፋፈሉ ነው፤ ድርሻውን ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ፍላጎቱ ማጠር ነው። ግጦሹ በሽቦ ከተቆራረጠ የሜዳ አህያውና ዝሆኑ መተላለፊያ ያጣሉ፤ ያኔ ይህ ሽቦ ለማዳን የመጣውን ይገድላል። ለ900 ካሬ ሜትር የሌሊት ማደሪያ ሽቦ እሺ፤ ለ20 ሄክታር ግጦሽ አይሆንም።

ጥቅምት፣ መጀመሪያ። ሕያው ምሰሶ

ደረቅ ምሰሶ በዚህ አገር ምስጥ ይበላዋል፤ ሲሚንቶ ምሰሶ ደግሞ ውድ ነው። መልሱ ማሳዮች ኦሲላሌይ የሚሉት፣ ከከርቤ ዛፍ ጋር የአንድ ወገን የሆነ እሾሃም ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ሥር ያበቅላል፤ ሕያው ሆኖ ስለሚቆም ምስጥ አይደፍረውም፤ ዓመት በዓመት ይወፍራል እንጂ አያረጅም። አገራችን ቁልቋል አጥር ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። በሰሜን ታንዛኒያ፣ በሲማንጂሮ ሜዳ ያሉ ማሳዮች ይህን ዛፍና የሽቦ መረብን አጣምረው ብዙ በረቶችን አጥረዋል፤ የእኛም አሠራር የተወሰደው ከዚያው ነው።

አቆራረጡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጊዜው የበጋው መጨረሻ ነው፤ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ምግቡን በግንዱ ውስጥ ያከማቸበት ወቅት። ቅጠል ካወጣ በኋላ የተቆረጠ ብዙውን ጊዜ ይጠወልጋል። ርዝመቱ 2.5 ሜትር፣ ውፍረቱ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር። ከዚህ የቀጠነ ሽቦ አይሸከምም፤ በጣም የወፈረው ደግሞ ሥር ማውጣት ይሳነዋል። በገጀራ የተመታ ጫፍ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ መበስበስ ይገባል፤ ስለዚህ በመጋዝ ነው የሚቆረጠው። የላይኛው ጫፍ ዝናብ እንዳያቁር ሰያፍ ይሆናል፤ የታችኛው ቀጥ ይላል። ይህ ልዩነት የቱ ጫፍ ወደ መሬት እንደሚገባም ያሳያል፤ ተገልብጦ የተተከለ አይበቅልም።

ከተቆረጠ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር ይጋደማል፤ ቁስሉ እስኪደርቅ። ትኩስ ቁራጭ እርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ ከታች ይበሰብሳል። ሲጫን መጎተትም ክልክል ነው፤ ልጡ የተላጠበት ቦታ ሥር አያወጣም።

የሚያስፈልገው 102 ነው፤ 120 ተቆርጧል። ከአንድ ዛፍ ከቅርንጫፉ ሩብ በላይ አይወሰድም፤ ይህን የግጦሽ ኮሚቴው ራሱ ነው የሚቆጣጠረው። ይህ ካልሆነ ግራሩን ለማዳን ብለን ኦሲላሌዩን መጨረሳችን ነው።

ጥቅምት፣ መጨረሻ። ጉድጓድና ተከላ

ጉድጓድ በየ1 ሜትሩ፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር። አፉ ከ25 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ሰፊ ጉድጓድ መልሶ ሲሞላ ላላ ብሎ ይቀራል፣ የላላ አፈር ደግሞ ምሰሶ አይዝም። በዲጂኖ ተቆፈረ፤ አፈሩ በቆርቆሮ ጣሳ ወጣ።

ከክቡ ሁለት ሦስተኛው ቀይ አፈር ነው፣ ምንም ችግር የለበትም። የምዕራቡ ወገን ግን መረሬ (ጥቁር አፈር) ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃም ይይዛል። በዚያ በኩል ጉድጓዱ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ተደርጓል፤ ዙሪያውም በቀይ አፈር ተሞልቷል። አፈሩ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በዘነዘና ይጠቀጠቃል። ውኃ አይጠጣም። ተካዮቹ በደግነት ባልዲ ይዘው ሲመጡ መከልከል ያስፈልጋል፤ ሥር የሌለው ግንድ ውኃ መጠጣት አይችልም፣ መበስበስ ብቻ ነው የሚችለው።

በየ8 ሜትር ተኩሉ አንድ የጥድ ምሰሶ ገብቷል፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር። የሽቦውን ውጥረት የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው። ይህን የዘለሉ ሰዎች የሠሩት አጥር ምን እንደሚሆን ይታወቃል፦ ሽቦው ሲወጠር አዲሱ ግንድ ይነቃነቃል፤ እንደ ክር የቀጠነው የመጀመሪያ ሥር ይበጠሳል፤ በስድስተኛው ወር ግማሹ ደርቆ ይገኛል። የጥድ ምሰሶዎቹ አራት ዓመት ቢቆዩ በቂ ነው፤ ያኔ ሕያዎቹ ራሳቸውን ችለዋል።

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ዝናብ። ሽቦ መዘርጋት

ሦስቱ መወጠሪያ መስመሮች መጀመሪያ ተዘረጉ፤ መረቡ በእነሱ ላይ ተንጠለጠለ። ሁለት ጥቅል የሚጋጠመው በማሰር አይደለም። ከአንዱ ጥቅል ጫፍ አንድ ዘንግ ተጠምዝዞ ይወጣል፤ ሁለቱ ጠርዞች ጎን ለጎን ይያዛሉ፤ ያው ዘንግ እንደ ቡሎን እየተሽከረከረ በሁለቱም መሐል ይመለሳል። መጋጠሚያው ከዚያ በኋላ ከቀሪው መረብ አይለይም። በጥቁር ሽቦ የታሰረ መጋጠሚያ ግን መጀመሪያ የሚከፈት ቦታ ነው።

መረቡ በውስጥ በኩል ነው የሚሆነው። በውጭ ከሆነ ከብቱ ሲገፋ ሚስማሩን ይነቅላል፤ በውስጥ ከሆነ ግን ግፊቱ ምሰሶው ላይ ያርፋል። ሕያው ምሰሶ ላይ ሽቦ ዙሪያውን መጠምጠም የለበትም፤ ግንዱ ሲወፍር ይታነቃል። ለእያንዳንዱ ሦስት ዩ ሚስማር፣ በደንብ ሳይጠብቅ። ዛፉ ቀስ ብሎ ሚስማሩን ይውጠዋል፣ ይህ ጉዳት የለውም።

የተረፈው ቁርጥራጭ ሽቦ አጭሩ ሳይቀር ተለቅሟል፤ ከዚያም በገመድ የታሰረ ማግኔት መሬቱ ላይ ተጎትቷል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ላም ሣር ስትግጥ ሽቦ ትውጣለች፤ ሽቦው ጨጓራዋን ወግቶ ወደ ልብ ይደርሳል፣ ላሟ ቀስ እያለች ትሞታለች። ረጅሙ ቁራጭ ደግሞ ወጥመድ ይሆናል፤ ድኩላ የሚያንቀው ሽቦ ከየትም አይመጣም፣ ከአጥር ነው። ትርፉ ተመዝኖ ለኮሚቴው ተመልሷል።

ኅዳር፣ መጨረሻ። በሩ

ከገንዘቡ በላይ ሐሳብ የበላው ይህ ነው። በማሳይ ልማድ እያንዳንዱ የቤተሰብ አለቃ በራሱ በር ከብቱን ያስገባል። በዚህ መንደር አራት ናቸው። በር ግን ደካማ ቦታ ነው፤ አራት በር አራት ቀዳዳ ነው። ከረጅም ንግግር በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲጋሩ ተስማምተዋል። ይህን መሐንዲስ ሊወስነው አይችልም፤ የሽማግሌዎቹ ጉዳይ ነው፤ ሳይስማሙ ቢሠራ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት በሽቦው ውስጥ ሦስተኛ በር ይከፈት ነበር።

ባለ 200 ሊትር በርሜል ክዳኑና ሥሩ ተቆርጦ ሲዘረጋ 1.8 ሜትር በ87 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ ይወጣዋል። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ 2.6 ሜትር ይሆናሉ፣ ቁመታቸውም ከመረቡ ጋር እኩል ነው። አንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ በሩ ባለ ሁለት ክንፍ ሆኗል፣ እያንዳንዱ 1.3 ሜትር። አንድ ወጥ ክንፍ ቢሆን ክብደቱ ማጠፊያውን ይጎትትና ጫፉ መሬት ይልሳል። በክንፉ ላይ ያለው ሰያፍ ብረት ከታችኛው ማጠፊያ ተነስቶ ወደ ላይኛው ነፃ ጫፍ መሄድ አለበት፤ በተቃራኒው የተበየደ ሰያፍ ጫፉን ከታች አይደግፈውም። የላሜራው ሌላ ጥቅም ውስጡን አለማሳየቱ ነው፤ አንበሳ በበሩ በኩል ከብቱን ስለማያይ ለመዝለል አይደፋፈርም።

ስለ በርሜል ሁለት ማስጠንቀቂያ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጨርሶ አይወሰድ፤ ከብት ይልሰዋል። ነዳጅ የነበረበት ባዶ በርሜል ደግሞ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የቀረው ጋዝ በብየዳ ወይም በግራይንደር ብልጭታ ይፈነዳል። በሳሙና ታጥቦ፣ ውኃ ተሞልቶ፣ በመሮና በመዶሻ ነው የሚከፈተው።

በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ከውጭ በኩል ማቆሚያ ብረት አለው። የደነበረ ከብት ሲገፋው ይበልጥ ይዘጋል። ሴቶቹ ይህን አልወደዱትም፤ ጠዋት ከታለበ በኋላ ከብቱ በሩ ላይ ተጠግቶ ስለሚቆም አይከፈትም። ትክክል ናቸው። መፍትሔው ከበሩ ወደ ውስጥ 2 ሜትር ላይ ሁለት አግዳሚ እንጨት ማኖር ሆነ፤ ከብቱን ከበሩ ያርቃሉ፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ይነሳሉ። ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀብሯል።

ታኅሣሥ። ዝናብ፣ ጅብ፣ መብራት

የጥቃት ወቅት ይህ ነው። ሰው በበጋ ይመስለዋል፤ በአምቦሴሊ ግን የዱር እንስሳው በዝናብ ሲበተን አንበሳው ለማደን ይቸገራል፣ ወደ በረትም ይመጣል። ድርቅ ሲጠና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በ2009ኙ ድርቅ የሜዳ አህያውና ዊልደቢስቱ አብዛኛው አለቀ፤ አንበሳና ጅብ ወደ ከብት ዞሩ። የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት በ2010 መጀመሪያ ከሌላ ቦታ የሜዳ አህያ እስከማጓጓዝ ደርሷል።

በአዲሱ አጥር የመጀመሪያው ፈተና ጅብ ሆነ። በመረሬው ወገን ከመረቡ ሥር ቆፍሯል፤ አፈሩ ረጥቦ ስለነበር ቀሎታል። መረቡን መቅበር ቁመቱን ይቀንሳል። በምትኩ ከአጥሩ ውጭ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ድንጋይ ተነጠፈ፤ በላዩ የድሮው አጥር እሾህ ተጋደመ። ጅብ የሚቆፍረው አጥሩ ሥር ተጠግቶ ነው፤ ግማሽ ሜትር ርቆ መጀመር እንዳለበት አይገባውም።

መብራት የተሰቀለው በአራት አቅጣጫ ነው። ሐሳቡ ከናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ፣ ኪቴንጌላ ያደገው ሪቻርድ ቱሬሬ በልጅነቱ የፈለሰፈው ነው፦ በሶላር የሚሞላ ባትሪ፣ ተራ በተራ ብልጭ የሚሉ አምፖሎች፣ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ የሚዞር የሚያስመስል። አምፖሉ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ወደ ውስጥ ከዞረ ከብቱን ያስበረግጋል። ባትሪው በሳጥን ተቆልፏል፤ ባትሪ ስልክ መሙያ ሲሆን መብራቱ እኩለ ሌሊት ላይ ይጠፋል። ለስልክ ብቻ የሚሆን ትንሽ ሶላር ለብቻው ተሰጥቷል፤ ይህ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይሻላል። ከብቱ ወደ ሩቅ ግጦሽ ሲሄድ መብራቱ ይነሳል። ባዶ በረት ላይ የሚያበራ መብራት አንበሳውን ማላመድ ነው።

የካቲት። የምሰሶዎቹ ሁኔታ

ከተተከሉት ብዙዎቹ በታኅሣሥ ቅጠል አውጥተው ነበር፤ መንደሩ ደስ አለው። ቅጠል ግን የሥር ምስክር አይደለም፤ ግንዱ በውስጡ ያከማቸውን እየበላ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። እውነተኛው ፈተና የአሁኑ ደረቅ ወር ነው። አፈታተሹ ቀላል ነው፤ ልጡን በጥፍር መቧጨር። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማ ከሆነ ሞቷል። በቀዩ አፈር ያሉት ጥሩ ናቸው። በመረሬው ጠጠር ያልበዛበት ቦታ ላይ የሞቱ አሉ፤ ከትርፎቹ ተተክቷል፤ በመጋቢት ዝናብ ፊት ደግሞ አዲስ ይቆረጣል።

ፍየል ለጋውን ቅጠል ትወዳለች። ፍየሎቹ ያሉበት ጋጣ ከአጥሩ 1 ሜትር እንዲርቅ ተደርጓል። ዝሆንም ይህን ዛፍ አጥብቆ ይወዳል፤ ሰው ባለበት መንደር አይጠጋም፣ መንደሩ ባዶ በሚሆንበት ወቅት ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ስለዚህ አጥሩ ለቋሚ መንደር ነው። ለጊዜያዊ የበጋ ሰፈር አይመከርም፤ ይልቁንም ሰዎቹን ከቦታው ጋር ካሰራቸው ግጦሹን ይጎዳል፣ የማሳይ አረባብ ያለ መንቀሳቀስ አይሆንም።

ሚያዝያ። ከአጥር ውጭ የቀረው

በረቱ ውስጥ የገባ አውሬ የለም። የጠፉት እንስሳት ግን አሉ፤ ሁሉም ከበረት ውጭ። ማታ ሲቆጠር የጎደለች ላም፣ ከመንጋው ወደ ኋላ የቀረች አህያ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አጥሩ ሲጠነክር አንበሳው ለውጭ የቀረውን ይፈልጋል። ከ2007 ጀምሮ በዚህ አካባቢ የሚሠሩት የአንበሳ ጠባቂዎች (ሞራን የሚባሉት ወጣቶች) የጠፋ ከብት ፍለጋን ከሥራቸው ዋና ያደረጉት ለዚህ ነው። ለቀጣዩ ቤተሰብ ከሽቦው ጋር የመቁጠሪያ ሥርዓት አብሮ ይሄዳል፦ በበሩ ሲገቡ አንድ ሰው በቀለማቸውና በምልክታቸው ይለያል፣ ጎደለ ከተባለ ከመጨለሙ በፊት ስልክ ይደወላል።

ካሳ ለመጠየቅ ማስረጃው በጠዋት ይሰበሰባል፤ ከሰዓት በኋላ አሞራ ምንም አያስተርፍም። አንበሳ ትልቅ ከብት የሚገድለው ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ይዞ በማነቅ ነው። ጅብ ከኋላና ከሆድ ይቦጭቃል። ነብር ፍየል አንቆ ይጎትታል። በንክሻው ዙሪያ ቆዳው ሲገፈፍ ከሥሩ ደም የቋጠረ ከሆነ እንስሳዋ በሕይወት ሳለች ተነክሳለች፤ ደም ከሌለ ሞታ የተገኘች ናት፣ አውሬው በልቷት ነው እንጂ አልገደላትም። ዱካ ላይ የጅብ ጥፍር ይታያል፣ የአንበሳ አይታይም። በዚሁ አካባቢ ባለው የምቢሪካኒ የጋራ ርስት በ2003 የተጀመረው የማኅበረሰብ የካሳ ፈንድ በደካማ በረት ለጠፋ ከብት ሙሉውን አይከፍልም፤ ስለዚህ የአጥሩ ፎቶም ከሬሳው ፎቶ ጋር ይያያዛል።

ለሰኔ የተመዘገበ ሥራ፦ በውስጥ የተከመረው ፍግ ይጠረግ። በየዓመቱ መሬቱን ከፍ ያደርጋል፣ 1.8 ሜትሩ አጥር ሳይታወቅ 1.5 ይሆናል። ከአጥሩ ሥር የተጠጋው በተለይ፤ ሚስማሩን ያበላሻል፣ የምሰሶውን ልጥ ያቃጥላል። የምሥራቁ በር የታችኛው ማጠፊያ ግሪስ ይፈልጋል። አራት ሚስማር በሰሜን ወገን ላልቷል።